አራተኛዋ አጭር መስመር

ሞጣ ያለው የሥነ ሕንፃ ወርክሾፕ መለያ የፈለገው ሰው የተሰበረ ወንበር ይዞ እየመጣ ስላስቸገረው ነው። በሩ ላይ በጠመኔ «ወርክሾፕ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያየው ሁሉ የአልጋ እግር፣ የተነቀለ የሳጥን ማጠፊያ፣ አንዴም ጎማው የወለቀ የእጅ ጋሪ አቀረበላቸው። እነሱ ግን አናጢዎች አይደሉም። የከተማውን አሮጌ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች እየዞሩ ይለካሉ፣ በወረቀት ያስቀራሉ፤ ከዚያ በተማሩት ደግሞ አዲስ የጭቃ ቤት ይነድፋሉ።

ይህን ያጫወተችኝ ወርክሾፑን የከፈተችው አርክቴክት ናት። የጅማ ልጅ ናት፤ ኮሌጅ እንድታስተምር ወደኛ አገር ተመድባ መጥታ በዚያው ቀረች። ቢቸና ድረስ የመጣችው የምሠራበት ማተሚያ ቤት በማኅተም ሥራ ስሙ ስለሚነሳ ይመስለኛል። ሻርፗን እያስተካከለች ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ሎጎ ይሠራሉ አሉኝ።»

«እሠራለሁ። የምትፈልጊው ጣራ፣ እርሳስና ማስመሪያ የተነባበሩበት ከሆነ ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ቶሎ ይሰጥሻል።»

«ከዚያ ነው የመጣሁት» አለችና ስልኳን አሳየችኝ። ጣራ፣ እርሳስና ማስመሪያ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን።

የምትፈልገውን ዘረዘረችልኝ፤ ዓርማ፣ የበር ታፔላ፣ የደብዳቤ ወረቀት፣ ማኅተም። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች እንዲመስሉ ትፈልጋለች። «ሰው ሲያየው የኛ አገር ነገር ነው እንዲል» አለችኝ፤ «የተሰበረ ወንበር ደግሞ እንዳያመጣ።»

እሺ አልኋት፤ ግን መጀመሪያ የምትለኳቸውን ቤቶች ልይ አልሁ። ያላየሁትን አልስልም። በዚህ ጠባዬ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የማያማርር የለም፤ የሙሽራዋን ስም ሦስት ጊዜ ሳላረጋግጥ አንድ የሠርግ ካርድ ወደ ማሽን አላስገባም። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ልመዘገብ ስሄድ መምህሩ «ማንን ልታስመዘግቢ ነው?» አሉኝ፤ «ራሴን» አልኋቸው። አብረውኝ የተቀመጡት ልጆች ፊደሉን በድምፅ እየጮኹ ሲያልፉት፣ እኔ የእያንዳንዱ እግር የት እንደሚያልቅ፣ የቱ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ አፍጥጬ አይ ነበር። ዘግይቶ ያገኘው ሰው እንዲሁ አያልፈውም። ሙያዬም ከዚያ ማፍጠጥ የመጣ ነው።

ሞጣ የሄድሁት በኅዳር ነው። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሲያወርድና ሲጭን ቆይቶ ረፋዱ ላይ ደረስን። ሞጣ ትውልዴ ናት። ዘጠኝ ዓመት እስኪሆነኝ እዚያ አደግሁ፤ እናቴ ስትሞት አክስቴ ወደ ቢቸና ወሰደችኝ። ለአርክቴክቷ ይህን አልነገርኋትም። ለሥራ ነው የመጣሁት አልሁ ለራሴ።

በዚያ ቀን የሚለካው ቤት ከገበያው ከፍ ብሎ ያለ፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ ያለው፣ ባለ ሁለት ክፍል አሮጌ ቤት ነው። ባለቤቷ አንዲት ባልቴት ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። አርክቴክቷና ባልደረቦቿ ሜትራቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ከበሩ መቃን በስተቀኝ፣ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ አራት መስመሮች አየሁ።

የጣት ናቸው። ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ አራት ጣቶች ከላይ ወደ ታች ተስበው፣ ወደ በሩ ጠምዘዝ ብለው ያለቁ። ሦስቱ ረጃጅም ናቸው። አራተኛዋ፣ የትንሿ ጣት፣ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ትቋረጣለች፤ ከዚያ በታች ግድግዳው ልሙጥ ነው።

አንድ ሰው ከኋላዬ በስሜ የጠራኝ ያህል ደነገጥሁ። ዞር አላልሁም።

እናቴ ቤት ለቅላቂ ነበረች። ወንዶቹ እንጨቱን አቁመው፣ ጭቃውን በጭድ አቡክተው ከመረጉ በኋላ፣ የመጨረሻውን ልስን የምታወጣው እሷ ነበረች፤ በእበት፣ በአመድ፣ በተነፋ አፈር። አዲስ ቤት ሲቆም፣ ሠርግ ሲደገስ ይጠሯታል። እኔ ውሃ አቀባይ ነበርሁ። ጣሳዬን ይዤ ከኋላዋ እቆማለሁ፤ «ጠብ አርጊ» ስትለኝ ጠብ አደርጋለሁ። ስለዚህ እናቴን የማስታውሳት ከጀርባዋ ነው። ነጠላዋ ወገቧ ላይ የታሰረበትን ቋጠሮ፣ የክንዷን መመላለስ፣ አንገቷ ላይ የደረቀውን ጭቃ። ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ነበር። ፎቶግራፍ የላትም። ፊቷን ላስታውስ ስታገል የሚመጣልኝ ልስን ነው።

ሥራዋን ስትጨርስ ከበሩ በስተቀኝ አራት ጣቷን ትስብ ነበር። ትንሿ ጣቷ በልጅነቷ ተቃጥላ ስለደረቀች እንደ ሌሎቹ አትታዘዛትም፤ መንገድ ላይ ከግድግዳው ትነሳለች። ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ የሚጠይቀኝም አልነበረም። እዚያ በረንዳ ላይ ቆሜ ግን ያቺን የተቋረጠች መስመር ሳይ፣ በዚህ ዓለም ላይ ከእናቴ የቀረ ነገር እንዳለ ገባኝ። በረንዳው ሥር ስለሆነ ዝናብ አላገኘውም አልሁ። ስለዚህ ነው የቆየው አልሁ።

ስልኬ በእጄ ነበር፤ ፎቶ ማንሳት እችል ነበር። አላነሳሁም። ፀሐዩ በጎን እየገባ ግማሹን በጥላ አጥቁሮታል፤ የስልኬም ካሜራ ተሰንጥቋል። በጥር ስመለስ፣ ብርሃኑ ቀጥ በሚልበት ሰዓት መጥቼ፣ በስስ ወረቀትና በከሰል፣ በልኩ አነሳዋለሁ አልሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ነገር ሁለት ወር ምን ይሆናል አልሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሰው ፊት ልነካው አልደፈርሁም።

ባልቴቷ ከጓዳ ወጥተው ቆሜ ሲያዩኝ፣ «ምን ታያለሽ ልጄ? ተሰነጠቀ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ቤትዎን እያየሁ ነው።»

«አርጅቷል። እንደኔው ነው።»

«ኧረ ቆንጆ ነው» አልኋቸው። አነጋገሬ ግን ልብ ያለው አልነበረም፤ ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። ያንን አነጋገሬን እሳቸው በሌላ እንደተረጎሙት ያወቅሁት በኋላ ነው።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ፣ ደብተሬ እየዘለለ አራቱን መስመሮች ሳልኋቸው። ቢቸና ደርሼ ለአርክቴክቷ ላክሁላት። በድምፅ መለሰችልኝ፤ «እትዬ፣ ይሄ ነው! ግድግዳም ነው፣ እጅም ነው። አንድ ነገር ግን፣ አራተኛዋን ከሌሎቹ እኩል ብናደርጋትስ? ማኅተም ላይ ስታንስ ቀለም የዘለላት ነው የምትመስለው።»

በሙያው ዓይን ልክ ነበረች። ለሌላ ሰው ብሠራ እኔም ይህንኑ እል ነበር። ማኅተም ማለት የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ነገርህን ሳታወላውል መናገር ነው፤ ስህተት የሚመስል ነገር አይፈቅድም። «መጀመሪያ በልኩ ላንሳው» ብዬ ብቻ መለስሁላት። የማን እጅ እንደሆነ አልነገርኋትም። ብነግራት ታዝንልኛለች፣ ስታዝንልኝ ሥራዬን አትነቅፍም፤ ያ ደግሞ አልተመቸኝም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አብሮኝ ይውል ጀመር። መብራት ሲጠፋና ማሽኑ ጸጥ ሲል፣ በጠቆረው የኮምፒዩተር መስተዋት ላይ የጣቶቼን ቅባት አያለሁ፤ እጠርገዋለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ስመለከት እንደገና አለ። እጄን ስታጠብ ጭቃ የደረቀበት ይመስል የጣቶቼ ቆዳ ይጨማደዳል። አንድ የገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሱቁ ውስጥ ሰው ሳይኖር፣ እርጥብ እበትና አመድ ሸተተኝ። ተነስቼ ደጁን አየሁ። ከብት የሚነዱ ሰዎች ወደ ገበያው እያለፉ ስለነበር እበቱን በነሱ አሳበብሁ። አመዱን ግን የማሳብብበት አጣሁ።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል የባልቴቷን ስልክ ከአርክቴክቷ ተቀብዬ ደወልሁ።

«እማማ፣ ለግድግዳው ስንል ልንመጣ ነው። ፎቶ ልናነሳው።»

«ግድግዳዬን?»

«አዎ፣ የበረንዳውን። በበሩ በኩል ያለውን።»

«በካሜራ?»

«በትልቅ ካሜራ።»

«መቼ ነው የምትመጡት?»

«ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ።»

«ይበቃል» አሉ።

ምኑ እንደሚበቃ አልጠየቅሁም። የለቅላቂ ልጅ ሆኜ አልጠየቅሁም።

በጥር ሞጣ የሠርግ ከተማ ናት። በየደጁ ዳስ ተጥሏል፤ በየግቢው አዲስ የተለቀለቀ ግድግዳ በፀሐይ ይደርቃል። ከአርክቴክቷ ጋር ወደ ባልቴቷ ቤት ስንወጣ ይህን ሁሉ እያየሁ አንዳች ነገር አላሰብሁም። በሩ ላይ ጎረቤታቸው ያዘችን።

«እንግዶቹ እናንተ ናችሁ? እኛማ ሠርግ ያለ መስሎን ነበር! ‹ማንን ሊድሩ ነው፣ ራስዎን ነው?› ብንላቸው በመጥረጊያ አባረሩን።»

አርክቴክቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እርጥብ እበትና አመድ ሸቶኝ ነበር፤ በዚህ ጊዜ የማሳብብበት አላስፈለገኝም።

ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ወጥ ነበር። ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኗል፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስልሷል። ከመቃኑ በስተቀኝ ምንም አልነበረም። ባልቴቷ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በአዲስ ሻሽ አስረው፣ ራሳቸውም ፎቶ ሊነሱ የተዘጋጁ ይመስል ከግድግዳቸው አጠገብ ቆመዋል።

«እንዴት ነው? አማረ?» አሉኝ። «ያን ጊዜ አፍጥጠሽ ስታዪው፣ አፍረሽልኝ ቆንጆ ነው እንዳልሽ ገብቶኛል። ሦስት ቀን ለፋሁበት። ወገቤ ደቀቀ።»

አርክቴክቷ ወደኔ ዞረች። «እትዬ፣ ምልክቱስ?»

«የቱ ምልክት?» አሉ ባልቴቷ።

በጣቷ አየር ላይ ሳለችላቸው።

«እሱን ነው? እሱንማ አጠፋሁት። ለትልቅ ካሜራ የጣት ጭረት አሳይቼ የባላገር ቤት ልባል? ቀድሞም ማን ያየዋል ብዬ እንጂ…»

መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። የሆነ ሰው «የእናቴ እጅ ነበር» ሲል ሰማሁ፤ እኔ ነበርሁ።

ባልቴቷ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩት። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ነገርኋቸው። የእናቴን ስም፣ የነበርንበትን ሰፈር፣ የሞተችበትን ዘመን።

«የለቅላቂዋ ልጅ! ያቺ ጣሳ ይዛ የምትቆመው አንቺ ነሽ? ወይ ጉድ፤ ዓይኔ እንዴት ሳታውቅሽ ቀረች!» ጉንጬን ያዙኝ። እጃቸው እበት ይሸታል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ቀና አሉ። «ቆይ ቆይ። ያን ጊዜ ያየሽው የእናትሽ መሰለሽ?»

«አዎ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ቤቴን ሳልለቀልቅ የኖርሁ መሰለሽ? ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምትሰድቢኝ?» ሳቁ፤ ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። «በየመስከረሙ እለቀልቀዋለሁ ልጄ። ያየሽው የኔ እጅ ነው። የናትሽ ከሥር ነው፤ ከስንት ድርብ ሥር እንደሆነ እኔም አላውቅ።»

አፈርሁ። እናቴን ያኖራት፣ እኔን ያበላኝ፣ ቤት በየዓመቱ መለቅለቁ ነበር። ይህን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ዝናብ አላገኘውም ብዬ፣ አንዲት ባለቤት ግድግዳዋን ሠላሳ ዓመት የምትተው አድርጌ ቆጠርሁ።

«ትንሿ ጣትስ?» አልሁ። «አጭር ነበረች እኮ። አይቻለሁ።»

ባልቴቷ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ትንሿ ጣታቸው ጤነኛና ቀጥ ያለች ናት። «አነሳታለሁ» አሉ። «እሷ ስለምታነሳት አነሳታለሁ። ይህ ቤት አዲስ ሲሠራ ለቅልቃልኝ ስትጨርስ ያን አደረገች። ‹ይሄ ምንድን ነው?› ብላት፣ ‹እንዲህ ካላደረግሁ ያለቀ አይመስለኝም› አለችኝ። በዓመቱ እሷ አረፈች። መስከረም ሲመጣ እኔው ለቀለቅሁት። ጨርሼ ባየው ያለቀ አልመስለኝ አለ። ያኔ እንደሷ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልዘለልሁም።» ግድግዳውን አዩት። «አሁን ለእናንተ ብዬ ስደግመው ግን ዘለልሁ።»

አርክቴክቷ ካሜራዋን ከአንገቷ ሳታወርድ ቆማለች።

ባልቴቷ ግን ወዲያው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት። ከደጁ ጥግ የተረፈ ልስን ያለበትን ባልዲ ጎተቱ፤ ዳር ዳሩ ደርቋል። «ያን ጣሳ አምጪ» አሉኝ። ውሃ ቀድቼ መጣሁ። ከኋላቸው ቆምሁ። ግድግዳውን በእርጥብ መዳፋቸው አራሱት፣ ከባልዲው ዘግነው በስሱ ቀቡት፣ ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ጠብ አርጊ» አሉ።

ጠብ አደረግሁ።

ክንዳቸው ከፍ አለ። አራት ጣቶች ከላይ ወደ ታች መጡ፤ ትንሿ መንገድ ላይ ተነሳች። እኔ ግን ጣቶቹን እያየሁ አልነበረም፤ የማየው የነጠላውን ቋጠሮ ነበር። ይዞሩ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሲዞሩ የማየው የባልቴቷን ፊት እንደሆነ አውቃለሁ። ባይሆንስ ብዬ ነው የፈራሁት። ጣሳውን በሁለት እጄ ያዝሁት።

ዞሩ። የባልቴቷ ፊት ነበር፤ ላብ አውጥቷል።

«ይኸው» አሉ። «አሁን አለቀ።»

ፀሐዩ እስኪያደርቀው ጠብቀን፣ አርክቴክቷ ፎቶ አነሳችው፤ እኔ ስስ ወረቀት ዘርግቼ በከሰል አሸሁት። ወረቀቱ ላይ መስመሮቹ ነጭ ሆነው ወጡ።

ቢቸና ተመልሼ ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። የባልቴቷ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ታፔላ ላይ ግን ቆሻሻ ይመስላል። አለዘብሁት። ማኅተሙ ሲታተም ቀለም እንዳይሞላው በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት እኩል አደረግሁት። ሦስተኛዋ ለዓይን ወደ ውጭ የወደቀች ስለምትመስል፣ ጫፏን ትንሽ ወደ በሩ በኩል ሳብሁት። ከዓርማው ጎን የሚቆመውን የወርክሾፑን ስም ካሉት የኮምፒዩተር ፊደሎች መካከል የሚስማማ ስላጣሁለት ራሴው በእጄ ጻፍሁት። ቀለሙን የአመድ አደረግሁት። ይህ ሁሉ የሙያው ወግ ነው፤ አንዱንም ያለ ምክንያት አላደረግሁም። አራተኛዋን ግን አልነካኋትም።

አርክቴክቷም እኩል እናድርጋት የሚለውን ዳግም አላነሳችም። አንድ ቀን ብቻ፣ «እትዬ፣ ሰው ምን ማለት ነው ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?» አለችኝ።

«ሥራው አልቋል ማለት ነው በይ።»

ታፔላው በመጋቢት ተሰቀለ። በወርክሾፑ በር የሚያልፍ ባለ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ «አራተኛዋን ሳትጨርሱ ነው ምሳ የወጣችሁት?» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲህ በወጣ በገባ ቁጥር «አሁንም ከምሳ አልተመለሳችሁም?» ይላቸው ጀመር። አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማኅተሙ ዘሏል ብሎ ደብዳቤያቸውን መለሰው። እንደገና አትመው ቢልኩ እንደገና መለሰው። አርክቴክቷ እየሳቀች ስትነግረኝ፣ ልቤ ደስ ሲለው ታወቀኝ። የእናቴ የተቃጠለች ጣት የመሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ገብታ አልታረምም አለች። የተሰበረ ወንበርም መምጣቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ ባልቴቷ ራሳቸው ደወሉልኝ። «ለቀለቅሁ፤ ዛሬ ጨረስሁ። ነገ ነይና ሳይደርቅ እይው» አሉ። ስኳር ገዝቼ በማለዳ ሚኒባስ ሄድሁ። ደመናው ስላልገፈፈ ልስኑ ገና ጠቆር ብሎ፣ ወዝ ይዞ ነበር። ከግቢው በር ሆኜ ምልክቱን ከመቃኑ በስተቀኝ አየሁት፤ አለ። ደስ አለኝ። ቀረብሁ።

የመስመሮቹ ርቀት እኩል ነበር። መንቀጥቀጥ የሚባል የለባቸውም። ሦስተኛዋ ጫፏ ላይ ወደ በሩ ሳብ ብላለች፤ እኔ ኮምፒዩተር ላይ እንደሳብኋት፣ ያኑ ያህል። እጄን ላነሳ ብዬ ተውሁት። የማየው የእናቴን እጅ አይደለም፤ የባልቴቷንም አይደለም። የኔን ሥራ ነበር።

«ታፔላውን አይቼ ነው የሠራሁት» አሉ ባልቴቷ፤ ደስታቸው ድምፃቸው ላይ ይሰማል። «በፊትማ እንዲያው በግምት ነበር። ያንቺ የጠራ ነው። ሁለቴ ሄጄ ሥሩ ቆሜ አጠናሁት፤ ያ ባለ ባጃጅ ‹እማማ፣ የአራተኛዋን ምሳ ይዘው ነው የመጡት?› እያለ ሳቀብኝ።»

መሳቅ ነበረብኝ። «እማማ» አልሁ፣ «እንደ ድሮው ያድርጉት። እባክዎ። የኔን አይዩት።»

ፊቴን አይተው ሌላ አልጠየቁም። የውሃውን ጣሳ አስይዘውኝ፣ ከባልዲው ዘግነው በመዳፋቸው አራቱንም መስመሮች ደፈኗቸው። ግድግዳው ልሙጥ ሆነ። ክንዳቸውን አነሱ። ጣቶቻቸው ልስኑን ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው አየር ላይ ቆሙ። ትንሽ ወደ ግራ ሄዱ፤ ተመለሱ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ፤ ወደኔም ዞሩ።

«የድሮው እንዴት ነበር?» አሉኝ።

ቢቸና፣ መሳቢያዬ ውስጥ፣ የከሰሉ ወረቀት አለ። እሱ ግን በጥር፣ ለኔ ተብሎ፣ በካሜራ ፊት የተሳበው ነው። በኅዳር ያየሁትን በልኩ ሳላነሳው ቀረ፤ ሚኒባስ ውስጥ የሳልሁትም እየዘለለ የተሳለ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ከሥር ነው። በልኩ ካልሆነ አልነካውም ብዬ ቀኑን ያሳለፍሁት እኔ ነኝ፤ በልኩ ሠርቼ ደግሞ የቀረውን ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

«አላውቅም» አልኋቸው።

ልስኑ እየጠጠረ ነበር። ባልቴቷ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ከእጄ ላይ ጣሳውን ወሰዱት።

«አንቺ ቅረቢ እንግዲህ» አሉ። «እኔ አቀብልሻለሁ።»

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁ። ቋጠሮው ከኋላዬ ነው፤ አይታየኝም። ከግድግዳው ፊት ቆምሁ። እንዲህ ለቅላቂ ሆኜ ቀርቤው አላውቅም ነበር። ከዚህ ሆኖ የሚታየው ልስን ብቻ ነው፤ ሰው አይታይም፣ ደጁ አይታይም፣ ከኋላ ጣሳ ይዞ የቆመ ሁሉ ድምፅ ብቻ ነው።

«ጠብ ያድርጉ» አልሁ።

ውሃው ከትከሻዬ በላይ መጥቶ ግድግዳው ላይ ፈሰሰ። አራት ጣቶቼን አሳረፍሁ። ቀዝቃዛ ነው። ወደ ታች ሳብሁ፤ ወደ በሩ አዞርሁ። ትንሿ ጣቴ ጤነኛ ናት፤ ተቃጥላ አታውቅም። መንገድ ላይ ተነሳች። እኔ አላነሳኋትም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አነሳኋት ብልም እንዲሁ።

«አለቀ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ፊቴ ወደ ግድግዳው እንደሆነ ቆየሁ።